ፈተናው እስኪያልቅ የደበቅኩት ቴሌግራም

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ አንድ ጋቢና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ሰዓት ለጡረተኛ ምን እንደሚፈይድለት አላውቅም፤ ቢሆንም እጅ ነሥቼ ተቀበልኩ። ከዚያ በግቢው የተማሪዎች ምክር አገልግሎት የምትሠራ አንዲት ወጣት ተነሣችና፣ «ዛሬ እኛ ተምረን የምንሠራውን ጋሼ ተፈራና የዘመናቸው ሰዎች ስሙ እንኳ ሳይወጣለት ሠርተውታል። ወላጅ የሞተበት፣ ወንድም የተገደለበት ተማሪ መጠጊያው የእሳቸው ክሊኒክ ነበር» አለች። ሰው አጨበጨበ። እኔ አንገቴን ደፍቼ የጋቢውን ጥለት እነካካ ነበር። ትሕትና መሰላቸው መሰለኝ፣ እንደገና አጨበጨቡ።

ልጅቷ በዚያ አልበቃትም፣ በሳምንቱ አዲስ የተቀጠሩ ሠራተኞቿን ሰብስባ ከልምዴ እንዳካፍላቸው ጠራችኝ። ሄጄ አንድ ሰዓት ያህል አወራሁ። የሚያስመሰግነኝን ሁሉ ነገርኳቸው። ይታይሽ ስለምትባል ተማሪ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ወደ ቤቴ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ፊቴን በእጄ ሸፍኜ ነበር የሄድኩት። ይህን የምጽፈው እዚያ የዋሸሁትን ለማረም ነው። ግማሹን መናገርም ውሸት ነውና።

በድሬሰርነት፣ ማለትም በሕክምና ረዳትነት፣ የተመረቅኩት በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ነው። መጀመሪያ መንዝ ውስጥ በቅሎ እንጂ መኪና የማይደርስበት ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። ቀጥሎ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገብቼ ማሽን የቆረጠውን ጣት ስሰፋ ሁለት ዓመት ኖርኩ፤ አለቃዬ ቁስሉን ከማየቱ በፊት የሠራተኛውን መታወቂያ የሚጠይቅ ሰው ነበር። ደርግ ከመጣ ከጥቂት ዓመት በኋላ በየካ ተራራ ግርጌ ወደነበረ አንድ የማሠልጠኛ ግቢ ተዛወርኩ። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው እንጂ የግቢው አይደለም። ደመወዜ ያው ነበር፤ የጨመረልኝ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ብቻ ነው።

የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር አመለወርቅ ትባል ነበር። ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ጀርባ የምትሸፍን ሴት ናት። በዕድሜ ብዙም ባትበልጠኝም እርስዎ ነበር የምላት፣ እዚህ ግን ባለችበት ነፍሷን ይማርና አንቺ እያልኩ ልጽፍ። ያን ጊዜ በቀይ ሽብሩ ወንድም እህቱን ያጣ ተማሪ ግቢውን ሞልቶት ነበር። ማልቀስ የተከለከለበት፣ እናት የልጇን ሬሳ እያየች ዓይኗን እንድታደርቅ የታዘዘችበት ጊዜ ገና ከሰው ልብ አልወጣም። ልጆቹ ወደ እኛ ሲመጡ «ወንድሜን ገደሉብኝ» አይሉም። ራሴን ያመኛል፣ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ነው የሚሉት። እኔ አስፕሪን እቆጥራለሁ። ሲስተር ግን ካርዱን ትዘጋና፣ «ሐሙስ ከሰዓት ና፣ ፋሻ ትጠቀልልልኛለህ» ትላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለጦር ግንባር የሚላክ ፋሻ እናዘጋጅ ነበር። አቡጀዲ እየተቀደደ፣ ተቀቅሎ ከደረቀ በኋላ እየተጠቀለለ ይታሰራል። ሲስተር ሐሙስ ሐሙስ ስምንት ዘጠኝ ተማሪ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ታስቀምጣለች። ፋሻ ጠርዙ እኩል ሆኖ ካልተጠቀለለ ቁስል ላይ ይሾልካል፤ እንከን ካየች ፈትታ «እንደገና» ትላለች። ዓይን ፋሻው ላይ ይተከላል፣ እጅ ሥራ ይይዛል፣ ያን ጊዜ አንዱ ሐዘኑን ማውራት ይጀምራል። ሕጓ ሁለት ብቻ ነበር፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ቀና ብሎ አያየውም። ሰው ሳይታይ እንዲያለቅስ ነው። አንድ ቀን የግቢው ካድሬ ድንገት ገባና፣ «ምንድን ነው ይህ ስብሰባ?» አለ። ሲስተር አንድ ድፍን ጥቅል አቡጀዲ ክንዱ ላይ ጣለችለትና፣ «ጥሩ ጊዜ መጣህ ጓድ፣ ሰው ጎድሎብኛል» አለችው። ሁለት ፋሻ ጠቅልሎ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ አልመጣም።

ሌላው ሥራችን መርዶ ነበር። አንድ ጊዜ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ለአንድ ተማሪ የአባቱን ሞት ኮሪደር ላይ አቁሞ ነግሮት ልጁ ወድቆ ግንባሩ ከተፈነከተ በኋላ፣ ክፉ ወሬ ያዘለ ቴሌግራም ሁሉ በመቀበያ ደብተር እየተፈረመ ወደ ክሊኒኩ እንዲመጣ ተወሰነ። ሲስተር ቴሌግራም ሲደርሳት መጀመሪያ እጇን ትታጠባለች። ቀጥላ ነጠላዋን ለብሳ ቴሌ ትሄዳለች፤ ተሰልፋ፣ ላኪው ከተማ አስደውላ፣ የተባለውን ከሰው አፍ ሳትሰማ አትመለስም። «ቴሌግራም እንደ በሽተኛ ነው» ትለኝ ነበር፣ «ሳትመረምረው መድኃኒት አትዘዝለት።» ከዚያ የሕክምና ፈቃዱን ቀድማ ትጽፋለች፣ ፈተናውን በኋላ እንዲቀመጥ ከዲኑ ጋር ትነጋገራለች፣ የአገሩን ልጆች ትጠራለች፣ ማለዳ አስቀምጣ ትነግረዋለች። ያን ሁሉ ዓመት አብሬያት ስሠራ የምትደውለው ስልክ ትርፍ ድካም ይመስለኝ ነበር። ለምን ቢባል፣ በአገራችን ቴሌግራም ላይ «ሞተ» ተብሎ አይጻፍም። «በጠና ታሟል፣ ቶሎ ድረስ» ነው የሚባለው፤ የሚያነበውም ሰው ይገባዋል። ሕፃን ልጅ የሚያውቀውን ለማጣራት ስልክ ምን ያደርጋል እል ነበር።

በድርቁ ዓመት ሲስተር ወሎ መጠለያ እንድታገለግል ታዘዘችና ክሊኒኩን ለእኔ ትታ ሄደች። ኃላፊ መሆን ደስ ብሎኝ ነበር። ወንበሯ ላይ መቀመጥ ጀመርኩ፣ መነጽርም ገዛሁ፤ ዓይኔ ደኅና ነበር።

ቴሌግራሙ የመጣው የከተራ ዕለት ነው። «እናታችን በጠና ታመዋል ቶሎ ነይ፣ ወንድምሽ ሙሉቀን» ይላል። የተላከው ከጎጃም፣ ከደምበጫ፣ ለሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይታይሽ ነው። ይታይሽን አውቃታለሁ፤ ሐሙስ ሐሙስ የምትመጣ፣ ፋሻዋ ተፈትቶ የማያውቅ፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። አባቷ በልጅነቷ ሞተዋል። ያሳደጓት እናቷ ናቸው፣ ጠላ ሸጠው። ደብተሩ ላይ ፈረምኩ። አንብቤ «ነፍስ ይማር» አልኩ።

ቴሌ እስኪዘጋ ሁለት ሰዓት ነበረኝ። አልሄድኩም። እውነቱን ልናገር፣ ታቦት ልሸኝ ነበር የቸኮልኩት፤ የየካ ሚካኤል ታቦት ሲወርድ ከሰፈሬ ልጆች ጋር እየዘፈንኩ መሸኘት እወድ ነበር፣ ነጭ ልብሴም ታጥቦ ተተኩሶ ይጠብቀኛል። በመንገድ ላይ ለራሴ ምክንያት ሠራሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ፈተና ይጀመራል፣ የሚያልቀው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። የሞተ ተጎዳ፣ ሴትዮዋ ከተቀበሩ ምን ይሆናሉ፣ ልጅቷ ግን ፈተናው ካመለጣት ተባራ አገሯ መግባቷ ነው አልኩ። ፈተናውን በኋላ እንድትቀመጥ ማድረግ እንደሚቻል አላስታወስኩም አልልም፤ አስታውሼዋለሁ። ዲኑን መለመን ሰለቸኝ። ለምክትል ዲኑ ነገርኩት፣ እሱም «ደግ አስበሃል፣ ፈተናው ይለፍ» አለኝ። አገሬው ሁሉ የሚያደርገው ነውና ማንም አልተደነቀብኝም። ስንቱ ተማሪ ነው ፈተና ጨርሶ ሲወጣ የቤተሰቡን ሞት የተረዳው።

በነዚያ ቀናት ይታይሽ ሁለት ጊዜ ክሊኒክ መጣች። አንደኛውን ጉንፋን ይዟት ነው። ሁለተኛውን ምንም ሳይኖራት መጥታ በሩ ላይ ቆመችና፣ «ጋሼ፣ ከቤት የመጣ ነገር አለ እንዴ? ልቤ ፈራ» አለችኝ።

«ምንም የለም። አንቺ ብቻ አጥኚ» አልኳት።

«እንግዲያው ፈተናው ነው ያስፈራኝ» ብላ ፈገግ አለች። ስትሄድ በራሴ የኮራሁት ኩራት እስከ ዛሬ ፊቴን ያቃጥለዋል። መሪር ነገር በሆዴ ችዬ የያዝኩላት ይመስለኝ ነበር።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ማለዳ መርዶውን አሳመርኩት። የመኝታ ቤታቸው ተቆጣጣሪ እትዬ ባዩሽ ነበሩ፣ ሦስት የጎጃም ልጆች ነበሩ፣ አንድ ሽማግሌ መምህርም ጠርቼ ነበር። አስቀምጠን፣ እጇን ይዘን ነገርናት። ጮኸች፣ ደረቷን መታች፣ ከዚያ ደከመች። ሻይ አጠጣናት። ከሁለት ልጆች ጋር አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄጄ አሳፈርኳት። ስመለስ ሽማግሌው መምህር ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ሲስተር ብትኖርም ከዚህ የተሻለ አታደርገውም» አሉኝ።

የተመለሰችው አርባውን አውጥታ ነው። ጸጉሯን ተቆርጣለች፣ ጥቁር ለብሳለች፣ ጉንጯ ላይ የፊት መንጨት ጠባሳ ነበረባት። ክሊኒክ ገብታ፣ ሳትቀመጥ፣ «ጋሼ ተፈራ፣ ያ ቴሌግራም የመጣ መቼ ነው?» አለችኝ።

«ምነው?»

«እናቴ ቴሌግራሙ ሲላክ አልሞተችም ነበር። በሕይወት ነበረች። ዘጠኝ ቀን ጠብቃኛለች።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ታመዋል የተባሉት እናት በእውነት ታመው ነው የነበሩት። ከአዲስ አበባ ደምበጫ በአንድ ቀን ተኩል ይደረሳል። ልጅቷ ብትሄድ ሳምንት ሙሉ እናቷን ታስታምም፣ ምርቃታቸውን ትቀበል ነበር።

ያኔ ልነግራት ይገባኝ ነበር። አፌን ከፍቼ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ዘግይቶ ነው የደረሰን። የቴሌዎቹ ጥፋት ነው» አልኳት።

ይታይሽ ራሷን ነቀነቀች። «ሙሉቀን ቴሌ ሄዶ አጣርቷል። በተላከ በማግስቱ ግቢው ተቀብሎ ፈርሟል አሉት። እኔ ደርሶኝ ለፈተናዬ ብዬ የቀረሁ ነው የሚመስለው። ስትሞት እንኳን ያላስነገረኝ ለዚያ ነው፣ ‹በሕይወት ሳለች ያልመጣች ለሬሳዋ ምን ትሠራለች› ብሎ። ለቅሶ ላይ በሰው ፊት እህት የለኝም አለኝ። አክስቶቼም አላናገሩኝም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የጠየቀችኝን ነው እስከ ዛሬ የምሰማው። «ጋሼ፣ ነግራችሁኝ ነበር እንዴ? ነግራችሁኝ ከፈተናው ጭንቀት የተነሣ ረስቼው ይሆን? እዚያ ሁሉም ሰው ሲለኝ ጊዜ ራሴን ማመን አቃተኝ።»

«አይ፣ አልነገርንሽም። ዘግይቶ ነው አልኩሽ እኮ» አልኩ። ከውሸቴ ላይ ሌላ ውሸት ደረብኩበት። ከዚያ ራስ ምታት ጀመራት። አንድ ወር ሙሉ በሳምንት ሦስት ጊዜ እየመጣች እጇን ትዘረጋለች፣ እኔም አስፕሪን እሰጣታለሁ። ቀና ብዬ አላያትም ነበር። ሐሙስ ፋሻ ስትጠቀልል ጠርዙ እየተዛባባት ማስተካከል ተሳናት። እኔ ደግሞ «እንደገና» የማለት ወኔ አልነበረኝም፤ ሰብስቤ እንዳለ አስገባዋለሁ።

ሲስተር አመለወርቅ ከወሎ በሚያዝያ ተመለሰች። በጣም ከስታ ነበር። መጀመሪያ የታመሙትን ካርድ አገላበጠች፣ አስፕሪን ብቻ የሞላበትን የይታይሽን ካርድ ለይታ አወጣች፣ ቀጥላ መቀበያ ደብተሩን አመጣች። ጣቷን ፊርማዬ ላይ አድርጋ፣ «ይሄ ያንተ እጅ ነው?» አለችኝ።

«ነው።»

«ደውለህ ነበር?»

«አልደወልኩም።»

«ልጅቷ ታውቃለች?»

ራሴን በአሉታ ነቀነቅኩ። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ደብተሩን ዘጋችው። «እናቲቱን ከእንግዲህ የምንረዳበት መንገድ የለም» አለች። «ልጅቷ ግን በየሁለት ቀኑ አንተ ዘንድ ትመጣለች፣ በሽታዋን ታውቀዋለህ፣ የምትሰጣት አስፕሪን ነው። ነገ ጠዋት ትነግራታለህ። አስቀምጠህ፣ ጓደኞቿ ባሉበት። ይህም መርዶ ነው።»

«እርስዎ ቢነግሯት…»

«እኔ አልፈረምኩም» አለች።

በማግስቱ ነገርኳት። በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ነበር፤ ሁለት ጓደኞቿ በግራ በቀኝ ተቀምጠዋል። ታቦት ልሸኝ መቸኮሌን ሳይቀር ተናገርኩ። ይታይሽ መጀመሪያ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። «እንግዲያው አላበድኩም» አለች። ከዚያ በጣቶቿ ከከተራ ጀምራ ቀኖቹን መቁጠር ያዘች፤ ስድስተኛው ላይ ስትደርስ አቆመች። «በዚህ ቀን መጥቼ ልቤ ፈራ ብዬዎት ነበር» አለችኝ።

«አዎ።»

«ያን ጊዜ ሦስት ቀን ቀርቷት ነበር።»

ይቅርታ ጠየቅኳት። ይቅር አላለችኝም፣ አልረገመችኝምም። ጥቁር ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ለእኔ ከነገሩኝ ለሙሉቀንም ይንገሩት» አለች። «አገር ቤት የከረመው ከግንባር ቆስሎ ነው፤ አሁን ድኖለት ወደ ጦር ክፍሉ ሊመለስ ነው፣ እዚሁ የካ ሚካኤል ጓደኛው ቤት አርፏል። ቅዳሜ ወደ ሰሜን ይጫናሉ። እኔ ሁለቴ ሄጄ በር ዘግቶብኛል። እንዲህ እንዳዘነብኝ ከሄደ፣ እዚያ የሚሆነውን ማን ያውቃል?»

ሰሜን ማለት ያን ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ረቡዕ ነበር፣ እሄዳለሁ አልኳት። ሐሙስ ሥራ በዛብኝ አልኩ፣ አልበዛብኝም፤ ወታደር መሆኑን ፈርቼ ነው። ዐርብ ከምሳ በኋላ ሲስተር ነጭ ካፖርቴን ከላዬ ላይ አውልቃ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው።

ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ነው። አቀበቱን ጀምሬ አንድ ጊዜ እስከ አስፋልቱ ተመልሻለሁ። ሁለተኛ ስወጣ የአጥሩ በር ክፍት ነበር፤ አንድ ረጅም ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ አንድ እግሩን ዘርግቶ፣ ቡትስ ጫማውን ይቦርሻል። ዓይኑ የይታይሽ ዓይን ነው።

«ከይታይሽ ትምህርት ቤት ነው የመጣሁት» አልኩ።

ብሩሹን አላቆመም። «ከሆነ ተሳስተዋል። እህት የለኝም።»

«ቴሌግራምዎን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ለእሷ አልሰጠኋትም፤ አላየችውም፣ አልሰማችም። ሞተዋል ብዬ ፈተናው እስኪያልቅ ደበቅኩት።»

ብሩሹ ቆመ። «ሞተዋል ያለህ ማነው?»

«ማንም አላለኝም።»

«ታመዋል ብዬ አይደል የጻፍኩት?»

«ሰው ሲሞት ነው እንደዚያ ተብሎ የሚጻፈው…»

«ታዲያ በእውነት የታመመ ሰው ምን ተብሎ ይጻፍለት?» አለኝ።

ጫማውን መሬት አስቀመጠና እናታቸው እንዴት እንደጠበቁ በዝግታ ነገረኝ። አውቶቡስ ሲደርስ ክላክሱን በሰሙ ቁጥር ፊታቸውን ወደ በሩ አዙሩልኝ ይሉ ነበር። መጨረሻ ላይ አንገታቸው ስለደከመ አልጋውን አዙሮላቸዋል። ተነሥቶ ሲቆም ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝም በወደድኩ። እሱ ግን ጫማውን አጥልቆ ክሩን ማሰር ጀመረ።

«ለፈተናው ብለህ ነው?» አለኝ ሳያየኝ።

«አዎ። ፈተናው እንዳያመልጣት ብዬ።»

«አለፈች?»

አፌን ከፈትኩ። ሦስት ወር አልፏል። ልጅቷ ስንት ጊዜ ፊቴ ቆማለች፣ ስንት ጊዜ አስፕሪን ቆጥሬላታለሁ። እናቷን ያሳጣኋት ለዚያ ፈተና ነው እያልኩ ለሲስተር፣ ለምክትል ዲኑ፣ ለራሴም ስምል ኖሬአለሁ። አንድ ቀን እንኳ ውጤቷን አልጠየቅኳትም።

«አላውቅም» አልኩት።

ከዚያ ሁለተኛውን ክር አስሮ ኮፍያውን አነሣ።

«እንግዲያው እሷኑ ልጠይቃት» አለና ቁልቁለቱን ወደ ግቢው ወረደ።